ከምድጃው በላይ የተሰቀለ ዘር
(ከአምቦ መንገድ የተለቀመ ትዝብት)

ከጊንጪ ወጣ ብሎ በደንዲ በኩል አዋሽ ገና ልጅ ነው። እረኛው ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ሰብስቦ ከብቱን ነድቶ ይሻገረዋል። ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል፤ ዳርና ዳሩን የሽንኩርትና የጎመን መደብ ይዞታል። ይኸው ውኃ ጥቂት ተጉዞ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። እዚያ የሰው ዘር ቀደምቶች ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ዓመት በፊት የጣሉት የድንጋይ መሣሪያ አለ። ባልጪት ከሚባለው ስፍራ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ድንጋይ እያመጡ፣ እየጠረቡ፣ ቢላዋና መፋቂያ ያደርጉት ነበር። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እኔን የያዘኝ ድንጋዩ አይደለም። ጎምቦሬ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል። ከትልልቆቹ ዱካ መካከል የሕፃናትም አለበት፤ እዚያው አጠገብ ሥጋው የተበለተ የጉማሬ አጥንት ተጋድሟል። ልጆቹ ሲበለት ቆመው ያዩ ነበር ማለት ነው። ምግብን ያወቁት እንዲያ፣ ከትልቅ ሰው ጎን ቆመው በማየት ነው። ጊንጪ ላይ አባቱ ሲያርስ ከኋላ እየተከተለ ጓል የሚፈረካክሰውን ልጅ ባየሁ ቁጥር ያ ዱካ ትዝ ይለኛል።

*

ለቀማ አልቆ እርሻ ጀመረ ብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። በጥቁር እንጪኒ መንገድ ዳር ግን ሕፃናት አጋምና የዱር እንጆሪ በኮባ ቅጠል ይዘው መኪና ያስቆማሉ። ሐምሌ ላይ ጎተራው ሲራቆት እናቶች እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለጋ ሳማ ይቆርጣሉ። ሳማ እንዳይለበልብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምን ያህል እንደሚቀቀል፣ የቱ ቅጠል እንደሚበላና የቱ ሆድ እንደሚያሳምም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከተማ ገብቶ የተለወጠ ሰው ሳማ በልቼ አደግሁ ለማለት ያፍራል። ለምን? አገር ያተረፈ እውቀት ነው። እርሻን የጀመረው ሰው ከሰማይ አልወረደም፤ ቅጠልና ፍሬ እየለቀመች የትኛው የት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚደርስ ካወቀች ሴት ደጃፍ ተነሣ ብዬ አምናለሁ። ከቤቷ ጀርባ የወደቀ ፍሬ ሲበቅል መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።

*

ጤፍ ገበያ ላይ ነጋዴዋ እፍኝ ጨብጣ ታነሣና በመዳፏ ላይ ዘርግታ ትነፋበታለች። ገለባው ሲበር ፍሬው ይቀራል። አንድ ግራም ውስጥ 3 ሺህ ያህል ፍሬ አለ። ከእጅ ቢወድቅ የሚጠፋ ነገር ነው፤ ስሙንም ከ«ጠፋ» የሚያመጡት ለዚህ ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ጤፍ የዱር ሣር ነበር። ስንዴና ገብስ ከመካከለኛው ምሥራቅ መጡልን፤ በዚያ አገር ሰው ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ማዝመር ጀምሮ ነበር። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትን ግን ከዱር አውጥተው ያላመዱት የዚህ ምድር ሰዎች ናቸው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ ማሳውን ካየ በኋላ ኢትዮጵያን የዓለም ሰብሎች ከፈለቁባቸው ጥቂት አካባቢዎች አንዷ አድርጎ የቆጠራት በዚህ ነው። ይህን አሸዋ የሚያህል ፍሬ ትልቅ እህል ሳያጣ «ይህም ምግብ ይሆናል» ብሎ የጨከነ ማን ነበር? ስንት ትውልድ ፍሬው ቶሎ የማይረግፈውን ዛላ እየመረጠ፣ እያስቀረ፣ እንደገና እየዘራ ነው ሣሩን ጤፍ ያደረገው? ስሙ የተጻፈለት አንድም ሰው የለም። እንጀራችንን ስንቆርስ የምንቆርሰው የእነዚያን ሰዎች ትዕግሥት ነው።

ስሙ የተጻፈለት ሰው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። የጤፍ አበባ ከማነሱ በላይ የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ተትቶ ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 ደብረ ዘይት ላይ ይህችን ሰዓት አገኟት። ዛሬ በየማሳው ያለው ቁንጮ የተባለው ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው፣ የዚያች ማለዳ ልጅ ነው። ማልዶ የሚነሣ ሰው ያየውን ያህል ሳይንስ የት ይገኛል?

*

ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ እርፍ፣ ወገል፣ ምራን፣ ማረሻ። አንድ ገበሬ ይህን ሁሉ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ከቤቱ ማሳው ይደርሳል። ከብረት የተሠራው ማረሻውና ወገሉ ነው፤ ሌላው እንጨትና ጠፍር ነው። ቢሰበር እዚያው ከዛፍ ተቆርጦ ይተካል። መለዋወጫ ጠፋ ተብሎ የማይቆም መሣሪያ ይኸ ነው።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ መቀናጆ ይፈልጋል። የእኔ በሬ ከአንተ በሬ ጋር ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ትራክተር የሚያከራዩ ሰዎች በየከተማው በዝተዋል፤ መልካም ነው፤ ጀርባ ያሳርፋል። ነገር ግን መቀናጆ ሁለት በሬ ብቻ አልነበረም የሚያቀናጀው። ትራክተር የተከራየ ጎረቤቱን አይለምንም፤ ጎረቤቱም አይለምነውም። ይህን እንደ ትርፍ ብቻ መቁጠር አልቻልኩም።

*

የጊንጪ መሬት መረሬ ነው፤ በኦሮምኛ ኮቲቻ ይሉታል። በበጋ ይሰነጠቅና የልጅ እግር ይውጣል፤ በክረምት ውኃ ይቋጥርና እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ብዙው ገበሬ ስለዚህ ዝናቡን አሳልፎ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ አፈሩ በቋጠረው እርጥበት ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ዓመቱ የሰጠውን ዝናብ አብዛኛውን ዝም ብሎ ይሸኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ጊንጪ ላይ መጥተው ለዚህ መላ ፈለጉ። ያገኙት መላ ሁለት የገበሬ ማረሻ ጎን ለጎን አጣምሮ ሰፋ ያለ መደብና ማፋሰሻ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። በቶሎ ዘርቶ ብዙ ማምረት እንደሚቻል ታየ። ለበሬ ግን ከበደ፤ በየገበሬው ደጅም አልደረሰም። ዛሬም ሐምሌ ላይ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው፣ በእጃቸውና በዶማ ውኃ የሚያፋስሱ እናቶችና ልጆች ያያል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ምሁራኑ ከውጭ ማሽን ከማምጣት ይልቅ ከማረሻው መጀመራቸው ነው። ከሁሉ ያሳዘነኝ ደግሞ የበሬውን ትከሻ በመጨረሻ ማሰባቸው።

*

ጀልዱ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ «ድንች» ሲባል ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ተነሥቶ በአውሮፓ ዞሮ የመጣ ነው፤ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን አስገባው። ከእሱ በፊት ግን የራሳችን ድንች ነበረን፤ ቀጠን ያለ፣ ከአፈር ሥር የሚወጣ፣ ተቀቅሎ የሚበላ። ዛሬ የአገሩ ተወላጅ ቅጥያ ተሰጥቶት «የኦሮሞ ድንች» ሲባል፣ እንግዳው ያለ ቅጥያ ድንች ሆኗል።

እንግዳውን አልወቅሰውም። የጀልዱ ገበሬ ከሆለታ ተመራማሪዎች ጋር ሠርቶ የድንች ዘር ሻጭ ሆኗል። የዘር ማከማቻውን ገብታችሁ እዩት፤ ግድግዳው በእንጨት ርብራብ የተሠራ፣ ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ ነው። ድንቹ በመደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ አጭርና ወፍራም አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል። በጨለማ ቢቀመጥ ረጅምና ነጭ፣ ሲነካ የሚሰበር ቡቃያ ያወጣ ነበር። ብርሃን ብቻ ነው ልዩነቱ። ከዝርያዎቹ መካከል ጃለኔና ጉደኔ አሉ፤ ኦሮምኛ ለሚሰማ ጆሮ «ወደድን»፣ «አደግን» ይላሉ።

*

ወንጪ ሐይቅ ሊያይ የሚወርድ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሣው ውኃውን ነው። እኔ ከየቤቱ ጓሮ የቆመውን እንሰት አያለሁ። በኦሮምኛ ወርቄ ይሉታል። በሬ አይፈልግም፣ ሞፈር አይፈልግም። ዓመታት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲቸግር ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ቆጮ ይሆናል። የሚፍቁትም የሚያብላሉትም ሴቶች ናቸው። ጤፍ ዝናብ ሲቀርበት ባዶ ማሳ ይተዋል፤ እንሰት ግን ያለፈውን ዓመት ዝናብ በግንዱ ይዞ ይቆያል።

*

ወሎንኮሚ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ መካከል ያለች ከተማ ናት። ብዙ አውቶቡስ አይቆምባትም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት በዚህች ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር፤ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን ከርመው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። ሱዳን ላይ ድርቅ የሚችል ዲቃላ ማሽላ አወጡ። በኋላም አቀንጭራን ተቋቋሚ የሆነ ማሽላ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አቀንጭራን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ አበባው ያማረ አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የማሽላው ሥር የሚያፈስሰው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠዋል። ገበሬው ከመሬት በላይ ሲያየው ጉዳቱ አልቋል። የፕሮፌሰሩ ቡድን ያን ማንቂያ በብዛት የማያፈስስ ማሽላ ፈለገ። ጠላት የሚነቃው በጥሪ ከሆነ፣ የማይጠራ ሰብል ማግኘት ነው።

ወሎንኮሚ ማሽላ አገር አይደለችም። የዚህ ደጋ ልጅ የደከመው ለማያውቀው የቆላ ገበሬ ነው። በከተማዋ ባለፍኩ ቁጥር፣ ደብተሩን ጠቅልሎ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን ልጅ አየዋለሁ፤ ዛሬም ስንቱ ይሄዳል።

*

የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። ከተማዋ በጠበል ውኃዋ ትታወቃለች፤ ለእኔ ግን ከውኃዋ በላይ ሌላ ሥራ አላት። ከየአገሩ የተለቀመ፣ ዋግ የሚባለው በሽታ የመታው የስንዴ አገዳ አምቦ ወዳለው የምርምር ማዕከል ይመጣና የትኛው የግንድ ዋግ ዘር እንደሆነ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የስንዴ አገሩን ሲያጠቃ፣ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ ባሌ ላይ ሲመታ አይተናል። አንድን ዝርያ ሁሉም ሰው ሲዘራ ዋጉ የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። አባቶቻችን አንድ ማሳ ላይ ስንዴና ገብስ ደባልቀው ሲዘሩ ሳያውቁ ያደረጉት የሚመስለው አለ። አውቀው ነው። አንዱ ቢመታ ሌላው ይተርፋል።

*

ኩበት የጫነች አህያ ወደ አምቦ ትገባለች፤ ዩሪያ የጫነች አህያ ከአምቦ ትወጣለች። ድልድይ ላይ ሲተላለፉ አይቻለሁ።

ኩበቱ የመሬቱ ምግብ ነበር፤ ከተማ ገብቶ ምጣድ ሥር ይነድዳል። በሱ ምትክ ሐበር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ያወጣው፣ በ1913 በፋብሪካ መመረት የጀመረው ናይትሮጅን፣ በመርከብ ጂቡቲ ደርሶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ እዚህች አህያ ጀርባ ላይ ይወጣል። ማዳበሪያ ያበላን ብዙ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ማገዶ ያጣ ገበሬ የራሱን ማዳበሪያ ሸጦ የባዕድ ማዳበሪያ ይገዛል። የማዳበሪያ ችግር ብለን የምንጠራው ግማሹ የማገዶ ችግር ነው።

*

ሆለታ ላይ ከመንገዱ የሚታየው ነጭ ፕላስቲክ የጽጌረዳ ቤት ነው። አበባው በአውሮፕላን አውሮፓ ይደርሳል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ገብስ ይበቅልበት የነበረ ማሳ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ባሕር ዛፍ አይታረምም፣ አይወቃም፣ ባለቤቱ ከተማ ቢቀመጥም ያድጋል። ገበሬው ምግብን ትቶ አበባና አጣና የመረጠው ሰንፎ አይደለም። ገብስ የሚከፍለው ስላነሰ ነው።

*

ኮምባይነር በስንዴ ማሳ ላይ ሲያልፍ፣ ደቦ ጠርቶ ቀናት ይፈጅ የነበረውን አጨዳና ውቂያ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። በሬ የለም፣ መንሽ የለም፣ ላይዳ የለም፤ በእበት የተለቀለቀ አውድማ የለም። ሾፌሩ ከመስታወት ቤቱ ሳይወርድ ይሄዳል።

ከዚያ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ቃርሚያ ነው። ማሽኑ የጣለውን ዛላ በቀሚሳቸው ይሰበስባሉ። ከሁሉ አዲሱ መሣሪያ ኋላ ከሁሉ ጥንታዊው ሥራ ይከተላል። አንዲት እናት እፍኝ ሙሉ ለቅመው ቀና ሲሉ «እማማ፣ ስንት ቀን ይሆንዎታል?» አልኳቸው። «ለሁለት ቀን ቆሎ ይሆናል ልጄ» አሉኝ። መሬት የሌለው ሰው ድርሻ ከጥንት ጀምሮ ይኸው ነበር፤ ማሽኑ እያደገና ጥንቁቅ እየሆነ ሲሄድ ግን የሚጥለው ያንሳል። ያን ጊዜ እኚህ እናት ምን ይለቅማሉ? ስለ ኮምባይነር ሲወራ ይህን የሚጠይቅ አልሰማሁም።

*

ባኮ በቆሎ ነው። ነሐሴ ላይ መንገዱ በሁለት በኩል በበቆሎ ግድግዳ ይታጠራል። በቆሎ ከሜክሲኮ ነው የመጣው፤ እዚያ ዛላው የጣት ያህል የነበረ ሣር ነበር። ባኮ ምርምር ማዕከል ያወጣው ቢኤች 660 የተባለ ዲቃላ እ.ኤ.አ. በ1993 ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም ዘርና ማዳበሪያ አቀናጅቶ በገበሬው ማሳ ላይ ማሳየት ጀመረ። ምርቱ ጨመረ። የሚያስደንቅ ጭማሪ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ግን በቆሎ በዛና ዋጋው ወደቀ። ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረ ገበሬ የሸጠው ዕዳውን አልሸፍን አለው። አንዳንዱ ከማሳ ማንሣቱን ተወው፤ የማጨጃው ወጪ ከዋጋው ስለበለጠ። በዓመቱ ዝናብ ቀረ፣ ገበሬውም ማዳበሪያ ቀንሶ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከመጠን በላይ ተመረተ ተብሎ በተወራ በዓመቱ! ሰው ከለቀማ ወደ እርሻ ሲሻገር ረኃብን በጎተራ አሸነፈ እንላለን። ጎተራው ከገበያው ጋር ሲታሰር ግን ጥጋብም ያደኸያል። ይህን ከባኮ ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም።

*

ከባኮ ስመለስ በአንድ ቤት አደርኩ። ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ፣ ሽፋናቸው ወደ ኋላ ተገልብጦ እርስ በርሳቸው የተቋጠሩ የበቆሎ ራሶች ተሰቅለዋል። ጭሱ አጥቁሯቸዋል። ነቀዝ ጭስ አይወድም።

«ኦቦ፣ ምርጥ ዘር አይገዙም?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«እገዛለሁ። የታችኛው ማሳ እሱ ነው። ይኸ የአባቴ ነው።»

የተገዛው ዲቃላ ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ ይቀንሳል፤ በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። የተሰቀለው ያነሰ ይሰጣል፣ ግን በየዓመቱ ይገኛል። ሰውዬው ሁለቱንም ይዘዋል። ራሶቹን የመረጧቸው ሚስታቸው ናቸው፤ መስመሩ ያልተዛባ፣ ጫፉ ድረስ የሞላ፣ ከጤነኛ አገዳ የተቆረጠ። ያቺ ስሟ ያልተጻፈላት ሴት ሣሩን ጤፍ ስታደርግ ያደረገችው ይኸንኑ ነው።

አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የዘር ባንክ አለን። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ መጠበቅ አለበት ብለው ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ማቀዝቀዣው ዘሩን ይይዛል። የትኛው ለቆሎ፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለጩኮ እንደሚሆን፣ የትኛው ዝናብ ሲዘገይ እንደሚዘራ ግን የሚያውቁት ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ገጠር እናት ወይም አያት ካለችህ፣ በሚቀጥለው በዓል ስትሄድ ከምድጃው በላይ ቀና ብለህ እይ። የተሰቀለ ካለ ስሙን ጠይቃት። ከማን እንደተቀበለችው ጠይቃት። እዚያው ጻፈው።